ጅማ ላይ ዘመናዊ ሕንጻ በምን ይመዘናል?

ጅማ ውስጥ አዲስ ሕንጻ ሲነሣ መልኩን አስቀድሞ መገመት አይከብድም። ከታች ሱቆች፣ ከላይ ሦስት ወይም አራት ፎቅ፣ በመንገዱ በኩል ከጥግ እስከ ጥግ ባለ ቀለም መስታወት፣ ዙሪያውን ደግሞ አሉኮቦንድ የሚባለው ብርማ የአሉሚኒየም ሰሌዳ። ጎንና ጀርባው ብሎኬት ነው፤ አንዳንዴም ልስን እንኳ አያገኝም። ባለንብረቱም ተከራዩም ይህን ዘመናዊ ብለው ይቀበሉታል። የኮሪደር ልማት በጅማም ጎዳናዎችን እየለወጠ ባለበት በዚህ ወቅት የትኛው ቤት ይቆይ፣ የትኛው ይፍረስ፣ የትኛው ሌላ ፊት ይልበስ የሚለው ውሳኔ ዘመናዊነትን በምንረዳበት መንገድ ላይ ያርፋል።

መስታወት ለብቻው ሕንጻን ዘመናዊ አያደርግም። ዘመናዊ ኪነ ሕንጻ ሲጀመር ለአንድ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነበር፦ ፌሮና አርማታ ግድግዳውን ከሸክም ካሳረፉት ብርሃን፣ አየርና ቦታ እንዴት እንደ አዲስ ይደልደሉ? ፀሐዩ፣ ዝናቡና አፈሩ ከአገር አገር ስለሚለያይ መልሱም ይለያያል። ጅማ ላይ በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይወርዳል፤ ቀኑ ሞቅ ቢልም አያቃጥልም፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። እንዲህ ባለ ከተማ ጥሩ ዘመናዊ ሕንጻ ውኃን በሚገባ የሚያባርርና ያለ ማሽን የሚተነፍስ ነው። አሁን ከሚሠሩት ብዙዎቹ ግን ቅርፊቱን ወስደው መልሱን ትተውታል።

ግድግዳው ሸክሙን ሲጥል

ለብዙ ሺህ ዓመታት በግንብ ቤት ፎቅና ጣሪያ የሚሸከመው በአብዛኛው ግድግዳው ራሱ ነበር። ግድግዳው መወፈር፣ መስኮቱም መጥበብ ግድ ሆነበት። አርክቴክቱ ለ ኮርቡዚዬ እ.ኤ.አ. በ1914 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ዶሚኖ ብሎ የሰየመው ንድፍ ይህን ታሪክ በአንድ ስዕል ገለበጠው፦ ሦስት ሶሌታ (የአርማታ ወለል)፣ ስድስት ኮለን (ምሰሶ)፣ አንድ ደረጃ፤ ግድግዳ የለም። ገንዘብ አጥሮት ፌሮው ወደ ላይ እንደተቀሰረ የቆመ ጂ+2 ያየ ሰው ይህን ንድፍ ያውቀዋል፤ አጽሙ ያው ነው። ከዚያ በኋላ ለ ኮርቡዚዬ ከዚህ አጽም የሚከተሉትን አምስት ነጥቦች አወጣ። ቤቱ በኮለን ከመሬት ይነሣ፤ ጣሪያው ጠፍጣፋ ሆኖ አትክልት ይተከልበት፤ ክፍሎቹ ከኮለኑ ነጻ ሆነው ይከፋፈሉ፤ መስኮቱ አግድም ይዘርጋ፤ የፊት ግድግዳው እንደ ፈቀደው ይቀረጽ።

አምስቱም በአንድ ላይ የታዩበት፣ ፓሪስ አጠገብ ፖይሲ የሚገኘው ቪላ ሳቮዬ በ1931 ተጠናቀቀ። ዛሬ የዓለም ቅርስ ነው። ባለቤቶቹ ግን ጣሪያው እያፈሰሰ እንዳስቸገራቸው ደጋግመው ለአርክቴክቱ ጽፈዋል። የፓሪስ ዝናብ በዓመት 650 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ የጅማው ከእጥፍ ይበልጣል። ክፈፍ የሌለው ነጭ ሳጥን እዚያው ተወልዶበት ያልቻለውን፣ እዚህ ያለ ማስተካከያ ይችላል ማለት ዘበት ነው።

ማስተካከያው የመጣው ከሞቃት አገሮች ነው። ሪዮ ዴ ጄኔሮ ላይ ከ1936 ጀምሮ በሉሲዮ ኮስታ የተመራው ቡድን፣ ወጣቱን ኦስካር ኒማየርን ጨምሮ፣ የትምህርት ሚኒስቴርን ሕንጻ ሲሠራ ፀሐይ በሚመታው ፊት ላይ ተንቀሳቃሽ አግድም የፀሐይ መከለያ ተከለ፤ በሌላው ፊት መስታወቱን ለቀቀው። አንድ ሕንጻ ሁለት ፊት ኖረው፣ ምክንያቱም ፀሐይዋ ሁለቱን እኩል አትመታቸውም። እንግሊዛውያኑ አርክቴክቶች ማክስዌል ፍራይና ጄን ድሩ በጋናና በናይጄሪያ የሠሯቸው ትምህርት ቤቶችና የኢባዳን ዩኒቨርሲቲ ሕንጻዎችም በቀዳዳ ብሎክ፣ በጥልቅ በረንዳና ነፋስ በሚያሳልፍ ቀጭን ወለል ይታወቃሉ። ወደ እኛም መጥቷል። ጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው አዲስ አበባ ያለው የአፍሪካ አዳራሽ በ1961 ተመረቀ። የአፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር የሚሆን ባለ ቀለም መስታወት እዚያ የተቀመጠው ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ የመግቢያው አዳራሽ ግድግዳም ብርሃንም እሱ ነው። ግድግዳው ሸክም ስላልነበረበት ስዕል መሆን ቻለ።

በጅማ የተደራረቡት ዘመኖች

ጅረን ኮረብታ ላይ ያለው የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ለዚህ ሁሉ ጥሩ መነሻ ነው። አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 ገዝተዋል። ቤቱ የእንጨትና የጭቃ ሥራ ነው፤ ዝናብ የጭቃ ጠላት ሆኖ ሳለ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ቆሟል። ምስጢሩ ከላይና ከታች ነው። ከላይ ጣሪያው ከግድግዳው ርቆ ወጥቶ በረንዳውን ይሸፍናል፤ ስለዚህ በነፋስ የተገፋ ዝናብ ግድግዳው ጋ ሳይደርስ በረንዳው ላይ ይቀራል። ከታች ውኃው ከኮረብታው ይወርዳል፣ አይተኛም። በረንዳው ሰው የሚቀበሉበት፣ ጉዳይ የሚሰማበት ቦታም ነበር። አንድ ክፍል ሦስት ሥራ ሲሠራ ማየት ከፈለጉ ወደ ጅረን መውጣት ነው። የተቀረጸውን እንጨት ማድነቅ ተገቢ ነው፤ በረንዳው ስንት ሜትር እንደሆነ መለካት ግን ለዛሬ ግንበኛ ይበልጥ ይጠቅማል።

ጣሊያኖች ከ1936 እስከ 1941 ጅማን የደቡብ ምዕራብ ግዛታቸው ዋና ከተማ አደረጓት። ፕላናቸው በዘር የተከፋፈለ ነበር፤ ነጩ በአንድ በኩል፣ አገሬው በሌላ በኩል እንዲኖር የተሰመረ መስመር ነው። ይህን ሳይናገሩ የፈረንጅ አራዳን ቤቶች ማወደስ ግማሹን እውነት መደበቅ ይሆናል። ቤቶቹ ግን የዚያ ፖለቲካ እስረኛ ሆነው አልቀሩም፤ ከሰማንያ ዓመት በላይ የኖረባቸውና የነገደባቸው የጅማ ሰው ነው። በግንባታ ዓይን ሲታዩ ደግሞ ትምህርት አላቸው፦ ወፍራም የድንጋይ ግንብ፣ ከፍ ያለ ኮርኒስ፣ ቁመቱ ከስፋቱ የሚበልጥ መስኮት ከእንጨት መዝጊያ ጋር፣ የእግረኛውን መንገድ የሚያለብስ መጋረጃ ጣሪያ። ሐሙስ ገበያ የሚወጣ ሰው ዝናብ ሲይዘው የሚጠለልበት እዚያ ነው። የዛሬው የመስታወት ፊት ለእግረኛ አንድ ክንድ ጥላ አይሰጥም።

ከዚያ ወዲህ ያሉት፣ የኮንዶሚኒየም ብሎኮች፣ የዩኒቨርሲቲው ግቢዎች፣ የባንክና የሆቴል ሕንጻዎች፣ ሌላ ጽሑፍ ይወጣቸዋል። ኮንዶሚኒየም በመልኩ ብዙ ቢተችም በአንድ ነገር ከብዙ የግል ሕንጻ ይሻላል። ብሎኩ ቀጭን ስለሆነ አብዛኛው ክፍል የውጭ መስኮት አለው።

ፀሐይ

ጅማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7.7 ዲግሪ አካባቢ ላይ ናት። ቀጥተኛ ውጤቱ እንዲህ ነው። በሰኔ ፀሐይ ቀትር ላይ ከአናት ወደ ሰሜን 16 ዲግሪ ታዘነብላለች፤ በታኅሣሥ ደግሞ ወደ ደቡብ 31 ዲግሪ። ስለዚህ 1.5 ሜትር ቁመት ያለው የደቡብ መስኮት በቀትር ሙሉ ጥላ እንዲያገኝ ከላዩ የሚወጣው መከለያ 90 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት፤ ለሰሜኑ 45 ይበቃል። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ የመስኮቱን ቁመት ለደቡብ በ0.6፣ ለሰሜን በ0.3 ማባዛት።

ምሥራቅና ምዕራብ ግን በዚህ አይድኑም። ጠዋት 2 ሰዓትና ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ በፊት ለፊት ስለምትገባ ከላይ የሚወጣ መከለያ ብዙም አይሠራም። ወደ ምዕራብ የዞረ 10 ካሬ ሜትር ተራ መስታወት በጠራ ቀን 10 ሰዓት ላይ ከ4 እስከ 5 ኪሎዋት ሙቀት ወደ ውስጥ ያስገባል። ቢሮው ውስጥ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ለኩሶ እንደመቀመጥ ነው። ባለ ቀለም መስታወት ይህን በከፊል ይቀንሳል፤ ነገር ግን ብርሃኑንም አብሮ ስለሚቀንስ ሰው በቀትር መብራት ያበራል። ከዚያ መጋረጃ ይመጣል፣ ቀጥሎ ካርቶን ይለጠፋል፣ በመጨረሻ አየር ማቀዝቀዣ ይገዛል። በጅማ አየር ማቀዝቀዣ የሚያስፈልገው ሕንጻ ባብዛኛው ፊቱን ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ የከፈተ ሕንጻ ነው።

ቦታው ጠባብ ሆኖ ዋናው መንገድ በምዕራብ ቢሆንስ? ይህ የብዙ ባለንብረት እውነተኛ ችግር ነው፣ መልስም አለው። ደረጃውን፣ መጸዳጃውንና ዕቃ ቤቱን ወደ ምዕራብ ማምጣት፤ ቀሪውን መስኮት በቋሚ ክንፎች መከለል። ክንፎቹ ከ40 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ወጥተው፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት ከራሳቸው ጥልቀት ካልበለጠና ትንሽ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ከዞሩ አብዛኛውን ፀሐይ ያግዳሉ። በብሎኬት፣ በአርማታ ወይም በእንጨት ይሠራሉ። ይህን ያደረገ ፊት ጥላው በየሰዓቱ ስለሚለዋወጥ ከማንኛውም ብርማ ሰሌዳ ይበልጥ ያምራል፤ ይህን የምለው በማመን ነው።

ስለ ወለሉ ጥልቀትም አንድ ነገር አለ። የቀን ብርሃን በደንብ የሚገባው ከመስኮቱ የላይ ጠርዝ ከፍታ ሁለት ወይም ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል ነው። የመስኮቱ አናት 2.4 ሜትር ላይ ከሆነ ብርሃኑ 5 ወይም 6 ሜትር ዘልቆ ይደክማል። ነፋስም በአንድ ወገን ብቻ ከገባ 6 ወይም 7 ሜትር፣ በሁለት ተቃራኒ ወገን ካለፈ ደግሞ እስከ 15 ሜትር ይሠራል። 10 ሜትር ስፋትና 25 ሜትር ጥልቀት ያለው፣ ሁለት ጎኑ ከጎረቤት ግንብ ጋር የተለጠፈ የንግድ ሕንጻ መሃሉ ጨለማ የሚሆነው ለዚህ ነው። መሃል ላይ 3 በ4 ሜትር የሆነ ክፍት ግቢ ቢተው የሚከራይ ስፋት በየፎቁ 12 ካሬ ሜትር ይቀንሳል፤ ነገር ግን ዙሪያው ያሉት ክፍሎች ይከራያሉ። ያለ መስኮት የቀረው ክፍል መጋዘን ነው የሚሆነው።

ዝናብ

አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። 200 ካሬ ሜትር ጣሪያ ጅማ ላይ በዓመት 300 ሺህ ሊትር ይቀበላል፤ 50 ሚሊ ሜትር በጣለ ከሰዓት ብቻ 10 ሺህ ሊትር። ይህ ውኃ የት ይሄዳል የሚለው ጥያቄ ከፊቱ ቀለም በፊት መመለስ ነበረበት።

በአሁኑ ሕንጻ የተለመደው ስህተት ፓራፔት ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ሆኖ ሳለ ጠፍጣፋ እንዲመስል ዙሪያውን አንድ ሜትር ግንብ ይሠራለታል። ቆርቆሮው ከግንቡ ጀርባ ተደብቆ ውኃውን በላሜራ ለተሠራ የውስጥ አሸንዳ ያስረክባል። አሸንዳው ቅጠልና አፈር ሲሞላው ውኃው ወደ ውጭ መፍሰስ ስለማይችል ወደ ውስጥ፣ ወደ ኮርኒሱ ይገባል። የውጭ አሸንዳ ሲሞላ መንገድ ላይ ይፈስሳል፤ የውስጡ ሲሞላ ሶሌታው ላይ ይተኛል። ልዩነቱ ይኸው ነው። ፓራፔት የግድ ካስፈለገ አሸንዳው ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ሰፍቶ ሰው ቆሞ እንዲጠርገው፣ በየ10 ሜትሩ 10 ሴንቲ ሜትር እንዲወርድ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በፓራፔቱ ውስጥ ወደ ውጭ የሚያሳይ የትርፍ ውኃ ቀዳዳ እንዲኖረው ማድረግ ነው። ከዚያ ቀዳዳ ውኃ ሲፈስ ባለቤቱ አሸንዳው መዘጋቱን ከመንገድ ሆኖ ያያል። ለመውረጃው ቱቦ የተለመደው ግምት ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ጣሪያ አንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር የቱቦ አፍ ነው። ባለ 110 ሚሊ ሜትር ቱቦ 95 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ለ200 ካሬ ሜትር ሁለቱ በጥቂቱ ያንሳሉ፤ ሦስተኛው ቅንጦት አይደለም።

በመስኮቱ ሥር የሚታየው ጥቁር እንባም ምክንያት አለው። የመስኮቱ ደፍ ከግድግዳው ጋር እኩል ሆኖ ሲያልቅ አቧራ ያዘለው ውኃ በልስኑ ላይ ይወርዳል። ደፉ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ ወጥቶ፣ ትንሽ ወደ ታች አዘንብሎ፣ ከሥሩ ጣት የምታህል ቦይ ቢቆረጥለት ውኃው እዚያ ቦይ ላይ ተቆርጦ ይንጠባጠባል። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ቀርቶ ሲገኝ ቀለሙ በሁለተኛው ክረምት ያረጃል።

ጣሪያን ከግድግዳ ርቆ ማውጣት ኋላ ቀር ይመስላል ለሚል፣ አርክቴክቱ ፍራንሲስ ኬሬ አለ። ቡርኪና ፋሶ ጋንዶ በተባለች የተወለደባት መንደር በ2001 ያጠናቀቀው ትምህርት ቤት በታመቀ የሸክላ አፈር ብሎክ የተሠራ ነው። የቆርቆሮ ጣሪያው በፌሮ በተበየደ ቀጭን አጽም ከኮርኒሱ በላይ ተነሥቶ፣ ዙሪያውን ሰፊ ክፈፍ አውጥቷል። ሙቁ አየር በክፍተቱ ይወጣል፣ ዝናቡም ግድግዳውን አያገኘውም። በ2022 የኪነ ሕንጻ ታላቅ ሽልማት የሆነው ፕሪትዝከር ሲሰጠው የተከበረው ይኸው አስተሳሰብ ነው። ከጅረን በረንዳ ጋር ያለው ዝምድና ሩቅ አይደለም።

አፈር

ይህን ለመሐንዲሶች ትቼ ማለፍ እችል ነበር። ግን ጅማ ላይ የሚሰነጠቀው ቤት ብዙ ነው። በዝቅተኛው የከተማዋ ክፍል ያለው መረሬ አፈር ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ዝናቡ ከመጋቢት አካባቢ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ስለሚዘልቅ አፈሩ ረጅም ጊዜ አብጦ ከኅዳር እስከ የካቲት ይሰነጠቃል። ምልክቱ ከመስኮትና ከበር ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚወጣ፣ በብሎኬቱ መገጣጠሚያ ደረጃ እየሠራ የሚሄድ ስንጥቅ ነው። በክረምት ጠብቦ በበጋ የሚሰፋ ከሆነ ጥፋቱ የአፈሩ እንጂ የልስኑ አይደለም፤ ደጋግሞ መለሰን ገንዘብ ማባከን ነው።

ከግንባታ በፊት የአፈሩ ናሙና ይፈተን። የነጻ እብጠት ልኬቱ (ደረቁ አፈር ውኃ ውስጥ ሲገባ መጠኑ የሚጨምርበት) ከ50 በመቶ ካለፈ አጠራጣሪ ነው፣ ከ100 ካለፈ አደገኛ ነው። መፍትሔው መሠረቱን እርጥበቱ ብዙ ከማይለዋወጥበት ጥልቀት ማድረስ፣ ከወለሉ ሥር ያለውን መረሬ አውጥቶ በገረጋንቲ በየ20 ሴንቲ ሜትሩ እየጠቀጠቁ መተካት፣ ለቤቱ ዙሪያ አንድ ሜትር ወደ ውጭ የሚያዘነብል የሲሚንቶ ንጣፍ መሥራት ነው። የጣሪያ ቱቦ መሠረቱ ጥግ ላይ ከፈሰሰ ይህ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። አንዱ ጥግ ሲያብጥ ሌላው ደርቆ ይቀራል፣ ግድግዳው መሃል ላይ ይበጣጠሳል። ባህር ዛፍ ከቤቱ አጠገብ መትከልም ያው ነው፤ በአንድ ወገን ውኃውን ይመጠዋል።

በአሮጌ ቤት ላይ አዲስ ፊት

ወደ ኮሪደሩ እንመለስ። የጎዳና ፊት ሲስተካከል ቀላሉ መንገድ ሁሉንም በአንድ ቀለምና በአንድ ሰሌዳ ማልበስ ነው። ጎዳናው ለጊዜው ንጹሕ ይመስላል። በሰሌዳው ሥር ግን የሚሆነውን ማወቅ ያስፈልጋል።

የተለመደው አሉኮቦንድ 4 ሚሊ ሜትር ነው፦ ሁለት ስስ የአሉሚኒየም ቆዳ፣ መሃሉ ፕላስቲክ። መሃሉ ተራ ፖሊኢቲሊን ከሆነ ይነድዳል። ለንደን ውስጥ በሰኔ 2017 በግሬንፌል ታወር 72 ሰው ሲሞት እሳቱን በባለ 24 ፎቁ ሕንጻ ላይ በደቂቃዎች ወደ ላይ ያሻገረው ዋናው ነገር እንዲህ ያለው ሰሌዳ ነበር። ከታች ምግብ ቤት ወይም የጋዝ ሲሊንደር የሚሸጥ ሱቅ ባለበት ሕንጻ ላይ ይህን ሳይጠይቁ መለጠፍ ተገቢ አይደለም። እሳት የሚቋቋም ማዕድን መሃል ያለው ዓይነት አለ፤ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ሻጩ በጽሑፍ የምርመራ ወረቀት ማሳየት ይኖርበታል። ቀጥሎ መገጣጠሚያው አለ። ሲሊኮኑ ከዓመታት በኋላ ይላቀቃል፤ ርካሹ ደግሞ ቀድሞ። ከዚያ ውኃ ይገባል፣ ከሰሌዳው ጀርባ ያለው ቀለም ያልተቀባ የብረት ቱቦ ይዝጋል፣ ሰሌዳው በነፋስ መንቀጥቀጥ ይጀምራል።

በጣሊያን ዘመን ግንብ ላይ ሲለጠፍ ጉዳቱ እጥፍ ነው። ድንጋዩ የተያያዘው በኖራ ወይም በጭቃ ስለሆነ ግድግዳው እርጥበት ይወስዳል፣ በበጋ ደግሞ ይተፋዋል። በሲሚንቶ ሲለሰን ወይም በሰሌዳ ሲታሸግ መተንፈሻ ያጣል። እርጥበቱ ወደ ውስጥ ይዞራል፣ ከወለሉ አንድ ሜትር ያህል ልስኑ ይረግፋል፣ የጣሪያው እንጨት ጫፉ ከግንቡ በተሰካበት ይበሰብሳል። ሰሌዳው ይህን ሁሉ ስለሚሸፍን የሚታወቀው ዘግይቶ ነው፣ ያን ጊዜ ደግሞ ቤቱ «ያረጀ ነው፣ ይፍረስ» ይባላል።

ትክክለኛው ጥገና ያን ያህል ከባድ አይደለም፤ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። ሲሚንቶውን አራግፎ ግንቡን አንድ በጋ ማድረቅ። ከዚያ አንድ እጅ ኖራ ለሦስት እጅ የታጠበ አሸዋ አድርጎ በሦስት ዙር፣ እያንዳንዱ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ሳይበልጥ መለሰን። በየዙሩ መካከል ቢያንስ አንድ ሳምንት እየጠበቁ፣ ፀሐይ እንዳይመታው እርጥብ ጆንያ እያለበሱ። ላዩን በኖራ ቀለም ማጠናቀቅ። ቸኩሎ በአንድ ቀን ሦስት ሴንቲ ሜትር የለጠፈ ሠራተኛ በሳምንቱ ስንጥቅ ያያል፤ ብዙዎች «ኖራ አይሠራም» የሚሉት ከዚህ የተነሣ ነው። ሰሌዳ የግድ ከታዘዘም ከግንቡ 5 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፣ ከታችም ከላይም በወንፊት የተከለለ የአየር መግቢያና መውጫ ይኑረው፣ ሲፈለግ የሚፈታ ይሁን።

በዓለም ደረጃም አስተሳሰቡ ወደዚህ እየዞረ ነው። የ2021 የፕሪትዝከር ተሸላሚዎች አን ላካቶንና ዣን ፊሊፕ ቫሳል ማፍረስን በመርህ ይቃወማሉ። ቦርዶ ውስጥ 530 መኖሪያ ያላቸውን ሦስት አሮጌ የጋራ ሕንጻዎች ነዋሪው ሳይለቅ አደሷቸው፦ ከፊታቸው 3.8 ሜትር ጥልቀት ያለው አዲስ የመስታወት በረንዳ አቆሙላቸው። መስታወቱ እዚያ ቦታ ጨመረ፣ ብርድ ከለከለ። ሥራ ያለው መስታወት ነው።

በሥዕልና በቅርጻ ቅርጽም ያው ጥያቄ

ዘመናዊ ሥዕል «ምን እንደሆነ አይገባም» ተብሎ የሚታለፍበት ምክንያት ሥራውን ከመልኩ ብቻ ስለምንጠይቀው ነው። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከጀርመን ተምሮ ሲመለስ ያሳያቸው ረቂቅ ሥዕሎች ብዙ ተቃውሞ ገጥሟቸዋል፤ የሚታወቅ ነገር አልሳለም ተብሎ። የሱ ጥያቄ ግን ቀለምና ቅርጽ ታሪክ ሳይተርኩ ምን ያህል ስሜት ይሸከማሉ የሚል ነበር፤ ግድግዳው ሸክሙን እንደጣለ ሁሉ ሥዕሉም ትረካውን ጣለ። ኤልያስ ስሜ ደግሞ የተጣሉ የኮምፒውተር ሰሌዳዎችና የተገመዱ ሽቦዎችን በትልልቅ ገበታ ላይ ይደረድራል። ከሩቅ የመሬት ገጽታ ይመስላል፣ ከቅርብ ደግሞ ከየት መጥቶ የት እንደሚጣል የማናውቀው ቆሻሻ ነው። እሱና መስከረም አሰግድ በአዲስ አበባ የሠሩት ዞማ ሙዚየም ጭቃን በዘመናዊ እጅ የያዘ ሥራ ነው፤ ጅማ፣ ጭቃ የሚያውቁ ሰዎች ገና ያሉባት ከተማ፣ ከዚያ ብዙ መውሰድ ትችላለች።

ከዚህ አንጻር ጀበናን በፋይበር ግላስ አግዝፎ አደባባይ ላይ ማቆም ደካማ ሥራ ነው። ቡና ለጅማ ምን እንደሆነ የጅማ ሰው ያውቃል፤ ሐውልቱ ካወቀው ላይ ምንም አይጨምርለትም፣ ቀለሙም በሦስት ክረምት ይላጣል። የጅማን በርጩማ ተመልከቱ። ከአንድ የዋንዛ ግንድ ይፈለፈላል፣ መጋጠሚያ ስለሌለው የሚላቀቅ ነገር የለውም። መቀመጫው ጎድጎድ ያለው ለመቀመጥ ነው። በሦስት እግር የቆመ ነገር በወጣ ገባ መሬት ላይ አይወላወልም፣ በአራት እግር የቆመ ግን ይወላወላል። ከ1919 ጀምሮ የጀርመኑ የጥበብ ትምህርት ቤት ባውሃውስ ያስተማረው፣ ቅርጽ ከአገልግሎትና ከቁሱ ይውጣ የሚለው ሐሳብ እዚህ ዱሮውኑ ተሠርቶ ይገኛል። ለአደባባይ ሥራ የሚቀጠር ቀራጺ መነሻው ይህ ቢሆን፣ ሰው የሚቀመጥበት፣ ጥላ የሚሰጥ፣ በእጅ የሚዳሰስ ሥራ ቢወጣ፣ ከተማዋ ታተርፋለች።

ለሚያሠራ ሰው

ባለንብረት ለአርክቴክቱ የሚያሳየው የሌላ ሕንጻ ፎቶ ነው። ከፎቶው ይልቅ ሦስት ነገር ቢጠይቅ ይሻላል። አንደኛው የግድግዳ ቁርጥ ስዕል በ1፡20 ልኬት፣ ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው። ክፈፉ፣ አሸንዳው፣ የመስኮቱ ደፍና የዙሪያው ንጣፍ የሚታዩት እዚያ ላይ ብቻ ነው፤ ይህ ስዕል ከሌለ ውሳኔውን የሚወስነው በቦታው የተገኘ ግንበኛ ነው። ሁለተኛው እያንዳንዱ ፊት በሰኔና በታኅሣሥ፣ በ3 ሰዓትና በ10 ሰዓት ጥላው እንዴት እንደሚሆን የሚያሳይ ስዕል ነው፤ ዛሬ ኮምፒውተር ላይ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ሦስተኛው የጣሪያው ውኃ ከቆርቆሮው ተነሥቶ የመንገዱ ቦይ እስኪገባ ያለው መንገድ በቀስት የተሳለበት ፕላን።

በውሉ ላይ ደግሞ የመያዣ ገንዘቡ አለ። በተለመደው አሠራር ከክፍያው 5 በመቶ ተይዞ ጉድለት የሚታይበት አንድ ዓመት ይጠበቃል። ርክክቡ ኅዳር ላይ ከሆነ ሕንጻው እስከ መጋቢት ደረቅ ስለሚሆን ምንም አያሳይም፤ ያን ጊዜ ተቋራጩ ገንዘቡን ቀደም ብሎ ይጠይቃል። እስከ መስከረም መያዝ ነው። በሐምሌ ዝናብ እየጣለ ኮርኒሱን፣ የፓራፔቱን ውስጥ፣ የምዕራብ መስኮቶቹን ማዕዘንና የቱቦዎቹን እግር መመልከት፣ የረጠበውን በፎቶ መያዝ፣ የተሰነጠቀውን ቀን ጽፎ በእርሳስ ምልክት ማድረግ፣ ከዚያ በጽሑፍ ማሳወቅ።